የጀሪካኑ ሰሞን

በመጋቢት 2012 አጋማሽ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ጀሪካን የያዙ ልጆች ቆመው ነበር። አንዱ ውኃ ያፈሳል፣ ሌላው ሳሙና ያቀብላል። «ይታጠቡ እማማ»፣ «ጋሼ፣ አንዴ እጅዎን» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያስቆማሉ። ደመወዝ የላቸውም። ውኃውን የቀዱት ከየቤታቸው ነው፤ ያውም ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር። ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ አራት ቦታ ታጥቤ የደረስኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። እጄን አልሰጥም ብሎ ያለፈ ሰው ግን አላስታውስም። ካፖርት የደረቡ አዛውንት፣ ከረጢት የተሸከመ የቀን ሠራተኛ፣ መኪናውን ጥግ አስይዞ የወረደ ነጋዴ፣ ሁሉም እጁን ዘረጋ።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የወጣው መጋቢት 30። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል እጁን ያልታጠበን ሰው የሚቀጣ ሕግ አልነበረም። ከተማዋ ግን እንደዚያ ሰሞን ታጥባ አታውቅም። ሰው ለምን ይታዘዛል፣ ለምንስ መታዘዙን ይተዋል ብዬ ባሰብኩ ቁጥር የምመለሰው ወደዚያ ሃያ ስድስት ቀን ነው።

*

በዚያው ሰሞን «የዚህን ወር ኪራይ ተዉት» ያሉ አከራዮች ነበሩ። ሀብታም ያልሆኑ፣ ከጓሯቸው ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርተው በእሷ የሚኖሩ ሰዎች ጭምር። ተከራይ ማስወጣትንና ኪራይ መጨመርን የሚከለክለው ደንብ የመጣው ከእነሱ በኋላ ነው።

*

«ማኅበራዊ ርቀት» የሚለው ቃል መጀመሪያ በቴሌቪዥን ሲነገር የጎረቤቴ እናት ጠርተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ማኅበሬን ተይ መባሌ ነው?» የጽዋ ማኅበራቸውን ማለታቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልተቋረጠ ማኅበር ነው፤ ደግሰው የሚጠጡበት ብቻ ሳይሆን ሲታመሙ የሚጠየቁበት፣ ሲቸገሩ የሚረዱበት። በሽታ መጣ ሲባሉ የሚሸሹት ወደዚያ ነው። አሁን መንግሥት ከእሱ ራቁ ያላቸው መሰላቸው።

ቃሉ ውሎ አድሮ «አካላዊ ርቀት» በሚል ተተካ። በሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ይቀመጡ እንጂ ማኅበርዎን አይተዉ ማለት ነው ብዬ ባስረዳቸው «እሱማ ይቻላል፣ ምን ገደደኝ» አሉ። ትእዛዙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንድ ቃል ነው። ከሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ የመጣ ማስጠንቀቂያ እኒህን እናት ሊያጣቸው ነበር። ለይቶ ማቆያ ለሚባለውም «ወሸባ» የሚለው አሮጌ ቃል ከተረሳበት ሲነሳ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ሽማግሌዎቹ ቃሉን ሲሰሙ ማብራሪያ አልፈለጉም።

*

የዕለቱ መግለጫ። ሹመታቸው ገና ትኩስ የነበረው የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ስንት ሰው እንደተመረመረ፣ ስንት ሰው ቫይረሱ እንደተገኘበት ያሳውቁ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ በነበረበት ጊዜ እያንዳንዱ ታማሚ ዕድሜው፣ ዜግነቱ፣ የጉዞ ታሪኩ ይነገር ነበር። የመጀመሪያው የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ። መጋቢት 27 የመጀመሪያዎቹ ሞቶች ሲነገሩ በሰፈራችን ሱቅ ደጃፍ የቆምን ሰዎች ዝም አልን። የማናውቃቸውን ሰዎች እንደ ዘመድ መርዶ ሰማን።

ግልጽነቱ ሰውን አቅርቦት ነበር። አንድ ነገር ግን ጎደለው። የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች መሆናቸው ሲነገር፣ በሽታው ዜግነት አይመርጥም የሚለው አብሮ ጠንክሮ ስላልተነገረ፣ መንገድ ላይ የውጭ አገር ሰው ባየ ቁጥር «ኮሮና» እያለ የሚጮህ ወጣት በዛ። ድንጋይ የወረወረም ነበር። መንግሥት ድርጊቱን ያወገዘው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። እውነት መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ሰሚው ምን እንደሚያደርግበት አስቀድሞ ማሰብም የተናጋሪው ሥራ ነው።

በክረምቱ መጨረሻ ቁጥሩ በቀን ከሺህ ሲያልፍ መግለጫው አልቆመም፤ የሰው ጆሮ ግን ቆመ። «የዛሬው ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ያ ዝምታ ሰው ከበሽታው መራቁን የሚያሳይ አልነበረም። በሽታው በዚያን ጊዜ ነበር ወደየቤታችን የገባው።

*

መጋቢት ሳያልቅ መንግሥት ራሱ አንድ አገር በቀል መድኃኒት የቤተ ሙከራ ምርምሩን አልፎ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሸጋገሩን በመግለጫ አበሰረ። ሳይንቲስቶቹ የሚያወሩት ስለ ረጅም መንገድ መጀመሪያ ነበር። ሕዝቡ የሰማው «መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን ነው። በማግስቱ የታክሲው ወሬ ሁሉ ይኸው ሆነ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ፌጦ እንደሆኑ ዋጋቸው አስቀድሞ ተሰቅሏል።

ነጭ ሽንኩርት የገዛውን ሰው አልወቅስም። እናቶቻችን በዳማከሴና በጤና አዳም ያሳደጉን ልጆች ነን። የምወቅሰው ማይክሮፎኑን ነው። በደስ የሚል ዜና የቸኮለ መንግሥት፣ ከወራት በኋላ የሚያስከፋ ዜና ይዞ ሲመጣ «ያኔም ተገኘ ብላችሁን ነበር» ይባላል፤ ተብሏልም።

*

ስለ መንግሥት የማነሳው በጎ ነገር አለኝ፤ በዚያ ዘመን ሲነገር እምብዛም ስላልሰማሁት እጽፈዋለሁ። ብዙ አገሮች ሕዝባቸውን በር ዘግተው ሲያስቀምጡ ኢትዮጵያ አላደረገችውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር፦ ቤት የሌለው ሰው ቤት ግባ አይባልም፣ ያለውም የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ካልሠራ አያገኝም። አገሩን የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነገር ነው። ሊስትሮውም፣ ጉልት ቸርቻሪዋም፣ የቀን ሠራተኛውም ሰሙት። ማንም ሳይነግራቸው የሚያውቁትን ነገር ከላይ ሲሰሙ አንድ ቀን ያህል መንግሥት የሰፈር ሰው መሰላቸው።

*

ታክሲ። ሕጉ ሚኒባሱ የሚይዘውን ግማሽ ሰው ይጫን አለ፤ ባለታክሲው እንዳይከስር ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ሰው አጉረመረመ እንጂ ከፈለ። መጀመሪያ ላይ እውነትም በአንድ ወንበር አንድ ሰው ነበር የሚቀመጠው።

ሳምንታት አለፉ። ምሽት ላይ ሰልፉ ሲረዝም ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አሁን ትራፊክ የለም» ማለት ጀመረ። ዋጋው ግን እጥፍ እንደሆነ ቀረ። አንድ ምሽት ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ስንሄድ መስኮት ዳር የተቀመጠች ሴት «የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ ሌላ ሰው የሚታቀፈኝ በምን ሕግ ነው?» አለች። ረዳቱ «እመቤቴ፣ ካልተመቸሽ ውረጂ» አላት። አልወረደችም። መሽቶ ስለነበር የት ትወርዳለች?

ይህቺ ሴት ጭምብሏን በአግባቡ ያደረገች ብቸኛዋ ተሳፋሪ ነበረች። በመታዘዟ ተቀጣች። ትእዛዝ ሲመጣ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ ዋጋና ጥቅም። ታክሲ ውስጥ ጥቅሙ ወርዶ ዋጋው ብቻ ተሳፍሮ ቀረ። በዚያ ጉዞ ላይ የነበርን ሁሉ ያንን አይተናል፤ ቤታችን ገብተንም ለቤተሰብ አውርተናል።

*

የ2012 ትንሣኤ ሚያዝያ 11 ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ምዕመናን በቤታቸው እንዲጸልዩ መክራ ነበር። ሌሊቱን ቅዳሴው በቴሌቪዥን ተላለፈ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ በሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ቆማ አስቀደሰች። ስድስት ሰዓት ሙሉ አልተቀመጠችም። ከወር በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ የኢድን ሶላት ከልጆቻቸው ጋር ግቢያቸው ውስጥ ሰገዱ። በሕይወታቸው የኢድ ዕለት ስታዲየም ሳይሄዱ የቀሩበት ጊዜ ትዝ እንደማይላቸው ነገሩኝ።

ከሁለቱም ቤት ደጅ ፖሊስ አልቆመም። ሁለቱም የታዘዙት በየሃይማኖት አባቶቻቸው አፍ ስለተነገራቸው ነው። እነዚህ ሰዎች የሰጡት ነገር ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ የለም። በኋላ በተከሰተው ነገር ሁሉ የሚቆጨኝ የእነሱ መሥዋዕትነት ነው።

*

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። የተላለፈ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ።

በግንቦት ወር መጨረሻ የሰፈራችን ሰው አረፉ። ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ግማሹን ሰፈር ፊደል ያስቆጠሩ። የእድሩ ዳኛ ኮሚቴውን ጠርተው ወሰኑ፦ ድንኳን አይተከል፣ ንፍሮ አይቀቀል፣ ሦስት ቀን መቀመጥ የለም፣ ወደ ቀብር የሚሄደው የቅርብ ዘመድ ብቻ። እድራችን እንዲህ ያለ ውሳኔ ወስኖ አያውቅም። የእኛ አገር ሰው ከምንም በላይ የሚፈራው ለቅሶ ሳይደረስለት መቅረትን ነው። ለቅሶ አለመድረስ የሚታረቁበት ሽማግሌ የሚፈልግ ቂም ነው።

ሆኖም ተቀበልነው። ዳኛው ከሁለት ሳምንት በፊት የገዛ እኅታቸውን በስድስት ሰው ቀብረው መመለሳቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሕጉን የጀመሩት ከራሳቸው ቤት ነው። ስለዚህ በሩ ላይ ተራርቀን ቆመን፣ እጃችንን ደረታችን ላይ አድርገን «እግዜር ያጽናሽ» አልን። መምህሩ ያስተማሯቸው ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ቆመው ያለቅሱ ነበር። ባለቤታቸው በር ላይ ቆመው ፊት ለፊት አዩን። አቅፎ የሚያለቅስ አጠገባቸው የለም። በዚያን ቀን ዕንባ ሲወርድ አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች ሲያለቅሱ አየሁ።

ሐምሌ 26 የሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ደስታ በአደባባይ ተገለጸ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ሕዝቡ በገፍ ወጣ፣ መኪናው ጡሩምባ ነፋ፣ ሰው ተቃቀፈ። አዋጁ ገና አልተነሳም። ደስታው የእኔም ነበር፤ ከደመወዜ ቦንድ የገዛሁበት ግድብ ነው። ግን ማታውን የመምህሩ ባለቤት ደጃፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸውና እንዲህ አሉኝ፦ «ታዲያ ለእሱ ቀብር ሰው በዛ የተባለው ለምን ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

*

ጭምብል። በከተማው ዋጋው ለብዙ ሰው የአንድ ምሳ ያህል ነበር። ፖሊስ ጭምብል ያላደረጉ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎችን አዲስ አበባ ላይ ያዘ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ስጋቱን ገለጸ። በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ የተያዘ ሰው ከብዙ ሰው ጋር አንድ ክፍል ይገባል። ይህን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያሻም።

ከዚያ በኋላ ጭምብሉ አገጭ ላይ መዋል ጀመረ። ፖሊስ ሲታይ ይወጣል፣ ፖሊስ ሲያልፍ ይወርዳል። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ያየሁት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፦ ጉዳዩን ጨርሶ የወጣ ሰው ያደረገውን ጭምብል አውልቆ ለሚገባው ያውሰዋል። ጥበቃው እያየ ነው። ደንቡ ጭምብል ይኑርህ አለ፣ አለው። የጥበቃው ሥራ ሰው እንዳይታመም መጠበቅ ሳይሆን ጭምብል መኖሩን ማየት ሆነ። ሰውን ከሚገድለው በሽታ ይልቅ ፖሊሱን እንዲፈራ አደረግነው፤ ፖሊሱ ደግሞ በየቤቱ አይገባም።

*

ምርጫ። ምርጫ ቦርድ መጋቢት 22 ቀን 2012 ለነሐሴ ታስቦ የነበረውን ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ማካሄድ እንደማይችል አሳወቀ። በዚያን ጊዜ የማውቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ውሳኔውን እንደ ጤና ጉዳይ ወሰዱት። የተቃዋሚ ደጋፊ የሆኑ ጓደኞቼም ጭምር። ሰኔ 3 የምክር ቤቶቹ ዕድሜ ሲራዘም ግን ክርክሩ ሌላ ሆነ። ትግራይ ጳጉሜን 4 የራሷን ምርጫ አደረገች። ጥቅምት 25 ቀን 2013 በትግራይ ጦርነቱ ጀመረ።

የጦርነቱ መንስኤ በሽታው ነው አልልም፤ ሥሩ ከዚያ የጠለቀ ነው። የምለው፣ በዚያ ዓመት በሽታው የሁሉም ወገን መከራከሪያ ሆነ። «ኮሮና የፖለቲካ ነው» የሚለው አባባል ከታክሲ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ገጠር የወረደው ያኔ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2013 የገዥው ፓርቲ የምርጫ ዘመቻ በጅማ ስታዲየም ሲጠናቀቅ ስታዲየሙ በሰው ሞልቶ ነበር። ምስሉን ያየች ነርስ ጓደኛዬ ስልክ ደወለችልኝ። ኦክስጅን ያስፈለጋቸውን ሰዎች ስታይ ከርማለች። ምንም አልተናገረችም፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ደህና እደር» ብላ ዘጋችው።

*

ወለጋ። ከታኅሣሥ 2012 ማብቂያ ገደማ አንስቶ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። አገሩ ሁሉ «እጅዎን ይታጠቡ፣ 8335 ይደውሉ» ሲባል የማይደወልበት አገር ነበረ። አገልግሎቱ የተመለሰው በመጋቢት መጨረሻ ነው። እኒያን ሳምንታት የዚያ አካባቢ ልጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ወላጆቹ ስለ በሽታው መስማታቸውን ሳያውቅ አሳለፈ። በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ደብዳቤ ላከ። በ2012 ዓመተ ምሕረት፣ በሹፌር እጅ፣ «አባዬ፣ ሰው አትጨብጥ» የሚል ደብዳቤ።

ሰኔ 22 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላም ኢንተርኔቱ በመላው አገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። የዕለቱ ቁጥር ስንት እንደሆነ ከቴሌቪዥን በቀር የምንሰማበት አልነበረም። መንግሥት ሲፈልግ የሚዘጋውን መስመር ሲያስፈልገው ከፍቶ «በዚህ የምነግራችሁን እመኑ» ይለናል። «አዋጁን በጆሮ» የሚለው የአባቶች አነጋገር ተገለበጠ፦ አዋጁ በአደባባይ ቢነገርም ሰው የሚያምነው በጆሮ የመጣውን ሆነ።

*

ከሳዑዲ የተባረሩ ኢትዮጵያውያን በ2012 ሚያዝያ ገደማ በሺዎች ተመለሱ። ቦሌ እንደወረዱ ወደ ለይቶ ማቆያ ገቡ፤ ብዙዎቹ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች። ከእነሱ መካከል አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። በእስር ቤት ወራት ያሳለፈች ልጅ እንደገና በር ሲዘጋባት እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። በየማለዳው ስሟን ጠርታ «እንዴት አደርሽ?» የምትላት የጤና ባለሙያ እንደነበረች ነገረችኝ። «እዚያ በቁጥር ነበር የሚጠሩን» አለች።

*

የኅዳር በሽታ። በ1911 የገባው ያ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ አሥር ሺህ ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ሐኪም ከጥቂቶች በቀር አልነበረም፤ ከእነሱም ውስጥ ሞት የወሰዳቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ኅዳር 12 ግን ዛሬም በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ኅዳር ሲታጠን ከተማው በጭስ ይሸፈናል። ጭሱ ለሳንባ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሥርዓቱም ይለወጥ ለሚሉት ተቃውሞ የለኝም። የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በየዓመቱ ያንን ቀን መጥረጊያ አንስቶ የሚወጣን ሰው ማንም አያስገድደውም። ቅድመ አያቶቹ የቀበሯቸው ሰዎች ናቸው ያዘዙት።

የእኛ ወረርሽኝስ ለልጆቻችን ምን ልማድ ተወ? ለእጅ መታጠቢያ ተተክሎ የነበረው ሮቶና ቧንቧ ከየባንኩ ደጃፍ ተነሳ። አንዳንድ ቦታ ቆሟል፤ ውኃ የለውም።

*

ክትባቱ የካቲት 28 ቀን 2013 ደረሰ፤ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ። መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4 በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ ከተነገረ ልክ በዓመቱ። የመምህሩን ባለቤት «ይከተቡ እንጂ» አልኳቸው። «ማን ነው የሚለው?» አሉኝ። መንግሥት ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከሳምንታት በኋላ ተከትበው አገኘኋቸው። ያሳመነቻቸው የወረዳችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ይህቺ ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ በር እያንኳኳች ገብታለች፤ የልጅ ልጃቸውን ክትባት አስጨርሳለች፣ የእሳቸውን ደም ግፊት ለክታለች፣ በዚያ የለቅሶ ቀን ከመንገዱ ማዶ ቆመው ካለቀሱት አንዷ ናት። «እሷ ክንዷን አሳየችኝ» አሉ። መርፌው የተወጋበትን ማለታቸው ነው። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ መንግሥት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የገነባው ነው፤ ወደ አርባ ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ያ እምነት የመንግሥትም ሥራ ውጤት መሆኑን ለመመስከር ይህንን እጽፋለሁ። ገንዘብ ሲጎድል ግን መጀመሪያ ደመወዛቸው የሚዘገየው የእነሱ ነው ሲባል ስሰማ ያመኛል።

*

በኢትዮጵያ በኮሮና ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት ከ7,500 በላይ ናቸው። የጡረተኛው መምህር ስም በዚያ ውስጥ ይኑር አይኑር ቤተሰቡ አያውቅም፤ ሳይመረመሩ ነው ያረፉት። እንደ እሳቸው ሳይመረመር የተቀበረውን ሰው ቁጥር የሚነግረን የለም። በእነዚያ ዓመታት ምን ትክክል እንደሠራን፣ የት እንደሳትን ሕዝብ ፊት ቀርቦ የተናገረ ባለሥልጣንም አልሰማሁም።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ደግሞ በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ተረጋገጠ። ያን ዜና ስሰማ በዓይኔ የመጡት ጀሪካን የያዙት ልጆች ናቸው። ዛሬ ሃያ አምስትና ሠላሳ ዓመታቸው ነው። ከመካከላቸው ጦርነት የበላቸው አሉ፣ የተሰደዱ አሉ፣ ሥራ የያዙም አሉ። የጤና ሚኒስቴር ኃላፊዎች ይህን ቢያነቡ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፦ የ2012 እና የ2013ን ሥራችሁን፣ ጥፋቱንም ልማቱንም፣ ጽፋችሁ አውጡት። ቀጣዩ ሳይመጣ አውጡት። የመምህሩ ባለቤት ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጥያቄያቸውም እንዳለ ነው።